ባሕር የሌለበት መጽሐፍ

ዝርዝሩ ሲመጣ ከሳንቲያጎ ከተማ
ማኅተሙ ቀይ ነበር፣ ፊርማው ባለ ግርማ።
«ለአሥራ ሦስት ይኸው፣ ለአሥራ ስድስት ያ፣
ከዚያ በላይ ላለው የወፍራም መደርደሪያ።»
ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የቺሎዌ ዝናብ
በጣሪያው ሾልኮ ገብቶ ጀመረው ማንበብ።
ከላይ ወደ ታች ነው ዝናብ የሚያነበው፤
ባልዲ አቀረብኩለት፣ ሌላ ምን ላድርገው?

እኔ ኤደልሚራ፣ እንደ ጫማ ነጋዴ
እግር እያየሁ ነበር ቁጥር መስጠት ልማዴ፦
«ስንት ዓመትህ? አሥራ ሦስት? ይኸው በልክህ፣
ቢጠብህ ትመልሳለህ፣ ጭቃ እንዳይኖር በእጅህ።»

ሮሳሜል ናውቶ መጣ በሰኞ ማለዳ፣
ቦርሳው ከራሱ ገዝፎ፣ እንደ ሩቅ እንግዳ።
በዝርዝሩ መሠረት ለዕድሜው የሚሆነውን፣
የአሣ አጥማጁን ውሻ፣ ያን የሣቅ መጽሐፉን
ሰጠሁት። በማግስቱ እንዳልተገለጠ
ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ አርጎ አስቀመጠ።
«ባሕር የሌለበት ስጪኝ» ሲል አንገቱን ሰብሮ፣
ያኔ ትዝ አለኝ፦ የአባቱ ጀልባ
በግንቦት ወጥታ
ባዶዋን ነው የተገኘች፣ መረቧ በወጉ ተቋጥሮ።
ያን ባዶ ሣጥን ከሸኙት አንዷ ነበርኩ እኔ፤
ዝርዝር እያነበብኩ ፊቱን ሳላነብ ቀረሁ፣ ወይኔ!

ደሴት ላይ መጽሐፍ፣ ባሕር የሌለበት!
ስፈልግ አመሸሁ፣ ሻማ ይዤ፣ መብራት ጠፍቶበት።
የፍቅሩ ልብ ወለድ መርከብ ላይ ይጀምራል፤
ጂኦግራፊው ሲገለጥ ውኃ ውኃ ይላል፤
ሒሳቡም ቢሆን፣ ይገርማል ሲታሰብ፣
«ሁለት ጀልባዎች ቢነሡ ከአንድ ወደብ...»
እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣ ከታችኛው ረድፍ፣
አቧራ የለበሰ፣ ስለ በረሃ ጉንዳን የተጻፈ መጽሐፍ።
ማንም ተውሶት አያውቅ፣ ካርዱ ነጭ እንደ ወተት፤
ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነም የጻፈ የለበት።

ኤላዲዮማ፣ አሥራ ስምንት የሞላው፣
ሌሊቱን ሳልመን ሲበልት አድሮ ነው ክፍል የሚገባው።
ወፍራሙን ላወርድለት ስንጠራራ፣ በሹክሹክታ፦
«ሥዕል ያለው ስጪኝ፤ ላነብላት ነው ለእኅቴ ማታ ማታ።»
እኅት የለውም። እናቱን አውቃታለሁ።
የቀበሮዋን ተረት አውጥቼ ሰጠሁ፣
ካርዱም ላይ «ለእኅቱ» ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተም መታሁ።
በወሩ መጣ፦ «እኅቴ ሌላ ትፈልጋለች፣
ፊደሉ ደቀቅ ያለ። አሁን አድጋለች።»

ኦርፌሊና ደግሞ አለች፣ አሥራ ስድስት ሊሞላት፣
መጽሐፍ ከማብቂያው ካልጀመረች የማይጥማት።
«ከሞተች አልወስድም» ትላለች፣ ቆማ እያነበበች፤
ስንቷን ጀግና ሴት መደርደሪያ ላይ ትታ ወጣች!
አንድ ቀን የመጨረሻው ገጽ የተገነጠለ ሰጥቼ
«ትኖራለች» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ዋሽቼ።
ሦስት ሳምንት አኮረፈችኝ። በመተላለፊያው
ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።
ከዚያ አንድ ዓርብ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ፦
«እንደዚያኛው የሚያስለቅስ ሌላ አለሽ?»
ዝርዝሩን አየሁት። እንዲህ ያለ ዓምድ የለውም።

በመስከረም ዝናቡ ጥቂት ጋብ ሲል፣ ሮሳሜል
ጉንዳኑን ለአራተኛ ጊዜ ሊያሳድስ መጣ።
«ጉንዳን» አለኝ «ቤቱን የሚያገኘው እርምጃ ቆጥሮ ነው።
ውኃ ላይ እርምጃ የለም።»
ዝም አልኩ። ምን ልመልሰው?
ቆየና ጣቱን ቀሰረ ወደዚያ፣ ወደ ውሻው፦
«እሱ ውስጥ ባሕሩ ስንት ገጽ ነው?»
ቁጭ ብዬ ቆጠርኩለት። አሥራ አንድ።
«በቀን አንድ አንድ ገጽ» አለና ወሰደው።

ባልዲው ሞልቷል። ልድፋው።